ጨዋታም ፊልምም በአንድ ዊኬንድ፦ የቱን ቤት ልይ፣ የቱን ውጪ?

ቅዳሜና እሁድን ምንም ሳልሰራ ጨዋታና ፊልም እያየሁ ላሳልፍ ብሎ መወሰን ቀላል ይመስላል፣ ጣጣው የሚመጣው አርብ ማታ ነው። ጨዋታውን ቤት ልየው ወይስ ጓደኞቼ ጋ፣ ፊልሙን ሲኒማ ልግባ ወይስ ሶፋዬ ላይ፣ ስትሪሚንግ ልክፈል ወይስ ያለኝ ዲሽ ይበቃኛል፣ እንዲህ እያላችሁ ስታወጡ ስታወርዱ ቅዳሜ ግማሹ ያልቃል፣ ከዛ ስልክ ላይ አጫጭር ቪዲዮ ስታሳልፉ ትውሉና እሁድ ማታ "ምን አየሁ?" ብትሉ ምንም። እኔ ላይ ብዙ ጊዜ ስለደረሰ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩበት።

መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ውጪ ወጥታችሁ እዩ፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙ ቢሆን ይሻላል። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፣ ለኳስ ይወጣል ፊልሙን ግን ስልኩን እየነካካ ቤት ያየዋል።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ላይቭ ጨዋታ ቀጠሮ አለው፣ እናንተን አይጠብቅም። ፊልም ዛሬ ባይታይ ነገ አለ፣ ሲኒማ ካመለጣችሁም ትንሽ ቆይቶ ቤት ይመጣል። ድሮ ፊልም ከሲኒማ ወጥቶ ቤት እስኪገባ ሶስት ወር ገደማ መጠበቅ የተለመደ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ዩኒቨርሳል ስቱዲዮና ኤኤምሲ የሚባለው የሲኒማ ቤቶች ድርጅት ይሄን ወደ 17 ቀን ሊያወርድ የሚችል ስምምነት ተፈራረሙ፣ ከዛ ወዲህ ብዙ ፊልም በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ቤት ሆኖ መከራየት ይቻላል። ስለዚህ ፕላን ስታወጡ ጨዋታውን ቸንክሩት፣ ፊልሙን ደግሞ በዙሪያው አንቀሳቅሱት፣ በተቃራኒው ከሄዳችሁ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ሁለተኛው ኪስ ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው ነገር ቤት ስታዩ የምትከፍሉት ለስክሪኑ፣ ውጪ ስታዩ ደግሞ ለወንበሩ መሆኑን ነው። ቤት ውስጥ አንድ ሰውም ያየው ስድስት ሰው ሂሳቡ ያው ነው፣ ሲኒማና ስታዲየም ግን በነፍስ ወከፍ ያስከፍላሉ፣ የመንገዱም አለ። በወር አንድ ፊልም ብቻ ለማየት ስትሪሚንግ የሚከፍል ብቸኛ ሰው ሲኒማ ቢገባ ላይበልጥበት ይችላል፣ አምስት ሆነው ሲኒማ የሚገቡ ቤተሰቦች ግን ሂሳቡን ሲሰሩት ይደነግጣሉ። ኢንተርኔታችሁ በጊጋባይት የሚቆጠር ከሆነ እሱም ወጪ ነው፣ ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚለው አንድ ሰዓት በኤስዲ (ዝቅ ባለ ጥራት) 1 ጊጋባይት ገደማ፣ በኤችዲ (ከፍ ባለ ጥራት) እስከ 3፣ በ4ኬ (ከሁለቱም በላይ በሆነው) እስከ 7 ይበላል። የሁለት ሰዓት ጨዋታና የሁለት ሰዓት ፊልም በኤችዲ ብታዩ እስከ 12 ጊጋባይት ሄደ ማለት ነው፣ በአንድ ቀን።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ ምስልና ድምፅ (ትልቅ ስክሪን ምን ይጨምርልኛል?)፣ ሰው (ሲጮህ አብሮኝ የሚጮህ አለ?)፣ ስፖይል (ውጤቱን ወይ የፊልሙን መጨረሻ ሳልፈልግ የመስማት ዕድሌ ስንት ነው?)፣ እና ከሶፋ መነሳት። የመጨረሻውን እንደ ቀልድ አትዩት፣ ሰነፍ ዊኬንድ ነው ያልነው፣ ሁለት ጊዜ ልብስ መቀየር የሚጠይቅ ፕላን ሰነፍ አይባልም።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? (ፕላን የሚያፈርሰው እዚህ ጋ ነው)

"ጨዋታው 90 ደቂቃ አይደል?" ብሎ ኳሱ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የሚጀምር ፊልም ቲኬት የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ። ሁለት 45 ደቂቃ፣ የ15 ደቂቃ እረፍት፣ ባከነ ሰዓት፣ ተደምሮ ለሊግ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ያዙለት። በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ እንግሊዝና ኢራን ሲጫወቱ የባከነው ሰዓት ብቻ በሁለቱ አጋማሽ ተደምሮ ከ20 ደቂቃ በላይ ነበር። ጥሎ ማለፍ ከሆነ ደግሞ 30 ደቂቃ ተጨማሪ ሰዓትና መለያ ምት ሊመጣ ስለሚችል ሶስት ሰዓት ባዶ አድርጉ። የዛው ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ አርጀንቲና 80ኛው ደቂቃ ሲቃረብ 2 ለ 0 እየመራች ነበር፣ "በቃ አለቀ" ብሎ ለሲኒማ የወጣ ሰው ካለ የፈረንሳዩ ኤምባፔ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያገባቸውን ሁለት ጎሎች፣ ከዛ 3 ለ 3፣ ከዛ መለያ ምት፣ ሁሉንም አጥቷቸዋል። ቀድሞ መነሳት የተራ ሰው ስህተት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ1999 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ የዩኤፋው ፕሬዝዳንት ሌናርት ዮሃንሰን ራሳቸው ባየር ሙኒክ እየመራ ሳለ ዋንጫ ሊሰጡ በሊፍት ሲወርዱ ነው ማንቸስተር ዩናይትድ በባከነ ሰዓት ሁለት አግብቶ ያሸነፈው።

ሌሎቹ ስፖርቶች ይለያያሉ። የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው ይባላል እንጂ በተግባር ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ፎርሙላ ዋን (የመኪና ውድድሩ) ለፕላን ይመቻል፣ ርቀቱ ከሞናኮ በስተቀር 305 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል፣ ውድድሩም ከሁለት ሰዓት እንዳያልፍ ህግ አለ (ዝናብና ቀይ ባንዲራ ካቋረጠው ግን ሌላ ነው)። ማራቶንም ጥሩ ነው፣ ፊተኞቹ ሁለት ሰዓት ከምናምን ይፈጅባቸዋል፣ ኬልቪን ኪፕተም በ2023 ቺካጎ ላይ 2፡00፡35 ነው የገባው፣ ብዙ ጊዜ ጠዋት ስለሚሮጥ ደግሞ የቀረው ቀን የእናንተ ነው። ቴኒስ ግን ተጠንቀቁ፣ በ2010 ዊምብልደን ኢስነርና ማውት ሶስት ቀን እየተመላለሱ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ተጫውተዋል፣ አሁን የመጨረሻው ዙር (ሴት የሚሉት፣ set) 6 ለ 6 ሲሆን ታይብሬክ የሚባል መለያ ስላለ እንደዛ አይደገምም ግን አምስት ዙር አሁንም አምስት ዙር ነው። ቦክስ በጣም ያስቸግራል፣ 12 ዙር እስከ መጨረሻው ቢሄድ ከነእረፍቱ 47 ደቂቃ ነው፣ መቼ እንደሚጀመር ግን ከሱ በፊት ያሉት ፍልሚያዎች ናቸው የሚወስኑት።

ፊልም ሲኒማ ቤት ስትገቡ ደግሞ ከተጻፈው ርዝመት ላይ ማስታወቂያና ትሬለር ብላችሁ 15-20 ደቂቃ ጨምሩ።

አንድ፦ ሁለቱንም ቤት

ለኪስም ለሶፋም ይሄን የሚያክል የለም። ችግሩ ሁለት ነው።

አንደኛው መዘግየት ነው። ስትሪም የምታዩት "ላይቭ" ላይቭ አይደለም፣ ምስሉ ተቆራርጦ ተልኮ እስኪደርሳችሁ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ20 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል፣ በዲሽ የሚያይ ሰው ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚዘገየው። ባለፈው የኛ ልጅ ገና ከመሃል ሜዳ ኳስ ይዞ ሲነሳ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤቴ "ጎኦኦል" ብሎ ጮኸ፣ እኔ ጎሉን እስካየው ድረስ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ነበረብኝ፣ ቢያንስ የኛ ጎል መሆኑን ከጩኸቱ ስለማውቅ ደስ አለኝ፣ ግን ደስታው የተገለበጠ ነው። ዲሽም ስትሪምም ካላችሁ ጨዋታውን በዲሽ፣ ፊልሙን በስትሪም እዩ። ስትሪም ብቻ ከሆነ ያላችሁ የውጤት አፕ ኖቲፊኬሽን አጥፉ፣ የጓደኞች ግሩፕንም ሚውት አድርጉ፣ እነሱ ናቸው ቀድመው የሚገድሏችሁ።

ሁለተኛው ችግር እኛው ነን። ቤት ፊልም ስናይ ስልክ አለ፣ በር ይንኳኳል፣ "ትንሽ ላቁመው" ይመጣል፣ የሁለት ሰዓት ፊልም ሶስት ሰዓት ይፈጃል፣ መሃሉም አይጨበጥም። ኳስ ይሄን ይችላል፣ አንድ ነገር ቢያመልጣችሁ ኮሜንታተሩ ይጮሃል ሪፕሌይ ይመጣል። ፊልም ግን ሪፕሌይ የለውም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ከወጣችሁ ለፊልም ውጡ ያልኩት።

ሁለት፦ ጨዋታ ቤት፣ ፊልም ሲኒማ

የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ጨዋታ ቤት ሲታይ የሚያጣው ሰው ብቻ ነው፣ ሰው ደግሞ መጥራት ይቻላል። ፊልም ቤት ሲታይ የሚያጣው ጨለማው፣ የስክሪኑ ስፋት፣ ድምፁና ያለ ስልክ መቀመጡ ነው፣ እነዚህን መጥራት አይቻልም። በተለይ ድምፁ፣ ሲኒማ ላይ ሹክሹክታውም ፍንዳታውም እኩል ይሰማል፣ ቤት ግን ወሬው ሲመጣ ቮልዩም ትጨምራላችሁ ፍንዳታው ሲመጣ ሪሞት ፍለጋ ትሮጣላችሁ።

ሁሉም ፊልም ግን ሲኒማ አይገባውም። ሁለት ሰው ኩሽና ውስጥ የሚጨቃጨቁበት ድራማ ቤትም ያምራል፣ ጠፈር፣ ጦርነት፣ ሰፊ በረሃ፣ ሙዚቃ፣ ሰው የሚያስጮህ አስፈሪ ፊልም፣ እንዲሁም ከብዙ ሰው ጋር ሲታይ ሳቁ የሚጋባ ኮሜዲ ናቸው ለሲኒማ የሚሆኑት። ፊልሙ በጣም የተወራለት ከሆነም ቶሎ ግቡ፣ መጨረሻውን ሰው ሳይነግራችሁ።

ሶስት፦ ጨዋታ ውጪ፣ ፊልም ቤት

"ውጪ" ሁለት ዓይነት ነው። ስታዲየም ከሆነ ቲቪ የማያሳያችሁን ታያላችሁ፣ ኳስ የሌለበት ቦታ ላይ ተከላካዩ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ አሰልጣኙ እንዴት እንደሚያብድ፣ ሙሉ ሜዳው በአንድ እይታ። ሪፕሌይ ግን የለም፣ ጎሉ በሌላኛው ጫፍ ከገባ ማን እንዳገባው ከጎናችሁ ያለውን ሰው መጠየቅ ሊኖርባችሁ ነው፣ መንገዱና ሰልፉ ሲደመር የሁለት ሰዓቱ ጨዋታ ግማሽ ቀን ይሆናል። በዓመት ጥቂት ጊዜ የግድ መሄድ ያለበት ነገር ነው፣ ግን በሰነፍ ዊኬንድ ስም አትጥሩት።

ሰው ተሰብስቦ በትልቅ ስክሪን የሚያይበት ቦታ ደግሞ ርካሽ ነው ድባቡም ደስ ይላል፣ ግን የትኛው ጨዋታ እንደሚከፈት የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም፣ ቀድማችሁ ካልሄዳችሁ የምታዩት የሰው ጭንቅላት ነው። ደርቢና ፍጻሜ እዛ፣ ሌላው ቤት።

አራት፦ ሁለቱንም ውጪ

ቀኑ ከተለያየ ይሁን። በአንድ ቀን ከሆነ ፊልሙ ላይ ትተኛላችሁ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

አምስት፦ ጨዋታውን ቀርጾ ወይም ሪፕሌይ፣ ፊልሙን በፈለጉት ሰዓት

ይሄን ሰው ይንቀዋል እኔ ግን ለአንዳንድ ስፖርት ከላይቭ ይሻላል ባይ ነኝ። የአሜሪካን ፉትቦል ሰዓቱ 60 ደቂቃ ነው፣ ስርጭቱ ከሶስት ሰዓት ያልፋል፣ መሃል ያለውን መጠበቅ ዘላችሁ ብታዩት ምንም አይቀርባችሁም። የራሳችሁ ቡድን የማይጫወትበት የኳስ ጨዋታም እንደዛው። የአስር ደቂቃ ሃይላይት ግን ጎሉን እንጂ ጨዋታውን አይነግራችሁም፣ 1 ለ 0 ያለቀው 90 ደቂቃ ሙሉ ተከበው ይሁን ዘና ብለው፣ አታውቁትም።

ከውጤት መደበቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስልኩን ማራቅ ብቻ አይበቃም፣ ቪዲዮውን ስትከፍቱ ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ላይ የሚጨፍረው ቡድን ሁሉን ይነግራችኋል፣ እሱ ቢያልፋችሁ እንኳን ከታች ያለው የሰዓት መስመር አለ። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ቪዲዮ ሁለት ሰዓት ከአርባ ምናምን ከሆነ ወደ ተጨማሪ ሰዓት እንደሄደ ገና ሳይጀመር አወቃችሁ ማለት ነው፣ ስለዚህ 85ኛው ደቂቃ ላይ ለአቻነት የሚደረገው ትግል አያስጨንቃችሁም። መስመሩን የሚደብቅ አፕ ካላችሁ ተጠቀሙ፣ ወይ ሌላ ሰው ከፍቶ ይስጣችሁ። ራሳችሁ የምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ፕሮግራም ጨምራችሁ ቅረጹ፣ አለዚያ መለያ ምቱ ሊጀመር ሲል ይቆረጣል፣ እሱ ሲደርስባችሁ ሪሞት ነው የሚወረወረው።

በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | የሚወስደው ጊዜ | ወጪ | ምስልና ድምፅ | ሰው | ስፖይል | ከሶፋ መነሳት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሁለቱም ቤት | 4-5 ሰዓት | ዝቅተኛ፣ ሰው ሲበዛ ይቀንሳል | በቲቪው ልክ | ከጠራችሁ | በስትሪም ከፍ ይላል | የለም |
| ጨዋታ ቤት፣ ፊልም ሲኒማ | 5-6 ሰዓት | መካከለኛ፣ በነፍስ ወከፍ | ለፊልም ምርጥ | መካከለኛ | ለፊልሙ ዝቅተኛ፣ ለጨዋታው በስትሪም ከፍ ይላል | አንድ ጊዜ |
| ጨዋታ ስታዲየም፣ ፊልም ቤት | ከግማሽ ቀን በላይ | ከፍተኛ | ለጨዋታ የተለየ፣ ሪፕሌይ የለም | በጣም ብዙ | ለጨዋታው የለም | አንድ ጊዜ፣ ግን ረጅም |
| ጨዋታ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ፊልም ቤት | 5-6 ሰዓት | ዝቅተኛ | ኮሜንታተር አይሰማም | ብዙ | ዝቅተኛ | አንድ ጊዜ |
| ሁለቱም ውጪ | ሙሉ ቀን | ከሁሉም ከፍተኛ | ጥሩ | ብዙ | ዝቅተኛ | ሁለት ጊዜ |
| ጨዋታ ሪፕሌይ፣ ፊልም በፈለጉት ሰዓት | 3-4 ሰዓት | ዝቅተኛ | በቲቪው ልክ | ብቻችሁን | ከሁሉም ከፍተኛ | የለም |

ቤት ለምትቀሩ፦ ቲቪው ሁለት ዓይነት ሴቲንግ ይፈልጋል

ይሄ በነጻ የሚገኝ ማሻሻያ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ፊልም በአብዛኛው በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው የሚቀረጸው፣ የስፖርት ስርጭት ደግሞ 50 ወይም 60። አዳዲስ ቲቪዎች በፍሬሞች መሃል ራሳቸው የፈጠሩትን ፍሬም እያስገቡ እንቅስቃሴውን ያለሰልሱታል፣ ሳምሰንግ ፒክቸር ክላሪቲ፣ ኤልጂ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ሞሽንፍሎው ይሉታል። ለኳስ አይከፋም፣ ኳሷ ስትበር ጭራ አታወጣም። ፊልም ላይ ግን ያ ሁሉ የተደከመበት ምስል በርካሽ ካሜራ የተቀረጸ የቲቪ ድራማ ይመስላል፣ ብዙ ሰው "ይሄ ፊልም አንድ ነገር ይጎለዋል" ይላል እንጂ ቲቪው መሆኑን አያውቅም። ቶም ክሩዝ በ2018 መጨረሻ ከዳይሬክተር ክሪስቶፈር ማኳሪ ጋር ሆኖ "እባካችሁ አጥፉት" የሚል ቪዲዮ ለቆ ነበር፣ በቀጣዩ ዓመትም ፊልምሜከር ሞድ የሚባል ነገር መጣ፣ አንድ ምርጫ ስትነኩ ይሄን ሁሉ ያጠፋላችኋል። ቲቪያችሁ ላይ ካለ ለፊልም እሱን፣ ከሌለ ሲኒማ የሚለውን ምረጡ፣ ለጨዋታ ሲሆን መልሱት። የወሬው ድምፅ ካነሰባችሁ ደግሞ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ናይት ሞድ ፈልጉ፣ ጩኸቱን ዝቅ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርገዋል።

ርቀትም አለ። ለፊልም ከስክሪኑ ሰያፍ (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለው ርዝመት) 1.2 እጥፍ ገደማ መራቅ በቂ ነው፣ ለተደባለቀ እይታ 1.6 እጥፍ። 55 ኢንች ቲቪ ሰያፉ 140 ሴንቲሜትር ስለሆነ ወደ 1.7 ሜትርና 2.2 ሜትር ማለት ነው። አብዛኞቻችን ከዚህ በላይ ርቀን ነው የምንቀመጠው፣ ስለዚህ ትልቅ ቲቪ ከመግዛታችሁ በፊት ሶፋውን ወደፊት ግፉት።

ለማን የቱ?

ኪሱ የሳሳበት ሰው ጨዋታውን ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ወይ ዲሽ ያለው ጓደኛ ጋ ይይ፣ ፊልሙን ደግሞ ከሲኒማ ወርዶ ቤት እስኪገባ ይጠብቅ፣ በኤስዲ ማየትም አያሳፍርም።

ልጆች ላሏችሁ ሁለቱም ቤት፣ ፊልሙ ቀን ላይ ከነሱ ጋር፣ ጨዋታው ማታ ሲተኙ። ሲኒማ መሄድ ካለባችሁ አጭር ፊልም ምረጡ፣ የሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም ላይ ልጅ ይዞ የገባ ሰው ፊልሙን አላየውም።

አንዱ ኳስ ወዳድ አንዱ ፊልም ወዳድ የሆናችሁ ጥንዶች ሁለተኛውን አማራጭ ያዙ፣ ግን የፊልሙን ምርጫ ኳስ ለማይወደው ስጡት፣ ጨዋታውን የመረጠ ሰው ፊልሙንም ከመረጠ ሰኞ ላይ ይነሳበታል።

ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ፊልሙን አርብ ሌሊት ዳውንሎድ አድርጉትና መስመሩን ለጨዋታው ተዉለት። ትልቅ ቲቪና ጥሩ ስፒከር ያላችሁ ደግሞ የኔን ምክር ገልብጡት፣ ፊልሙን ቤት አድርጉና ለጨዋታው ውጡ፣ እናንተ ቤት የሚጎድለው ሰው ነው።

የምትደግፉት ቡድን የሚጫወት ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉን እዩት። ከተሸነፋችሁ በኋላ ከባድ ፊልም አይገባም፣ አንዴ ሞክሬው ተዋናዩ ሲያለቅስ እኔ የሳትነውን ፍጹም ቅጣት ምት ነበር የማስበው። ፊልሙን ከጨዋታው በፊት አድርጉት፣ ፊልሙ ካለቀበት እስከ ጨዋታው መጀመሪያም ቢያንስ አንድ ሰዓት ተዉ። ጨዋታው ቅዳሜ ቀን ላይ ከሆነና ጥሎ ማለፍ ከሆነ ፊልሙን አርብ ማታ ጨርሱት።